ያለ ነጭ ሽንኩርት

ከድሩ ቡራዩ ውስጥ ሴራሚክ ይሸጣል። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ቅናቱ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ሰውዬ ነው። ሚስቱ ራቢአ ስልኳን አይታ ፈገግ ካለች፣ ለማን ነው የሳቀችው ብሎ ምሳውን ትቶ ይነሳል። ምሳ ለመተው የሚያስችል ሆድ ግን የለውም፤ ትንሽ ተንጎራዶ ተመልሶ ይበላል።

ለኢድ ራቢአ አንድ ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ ሰርታለት ነበር። ብርቱካን ጨምቃ፣ ሎሚ ጠብ አድርጋ፣ ከማር ጋር እስኪወፍር አንተከተከችው። ከዚያ ዓሣውን ኦቭን ውስጥ ከታ እያወጣች እላዩ ላይ ትቀባዋለች፣ ትመልሰዋለች። ሲወጣ ቆዳው እንደ መስታወት አበራ። ከድሩ ጣቱን ላሰ፣ አጥንቱንም ሳይቀር መጠጠው። ከዚያ ወዲህ በሄደበት ሁሉ ወሬው ይሄ ዓሣ ሆነ። ዓሣ ማለት በብርቱካን ነው፣ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ለጠላቴ ይሁን ይላል። ሰውዬው ነጭ ሽንኩርት ካለበት ምግብ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።

ሐሙስ ጠዋት ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ያ የብርቱካን ሽታ ነው። ምራቁን እየዋጠ ማዕድ ቤት ገባ። ራቢአ የዓሣውን ሆድ በብርቱካን ቁራጭ ሞልታ በመርፌ ትሰፋለች። ነጩ ክር መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል፤ እሷ የያዘችው አረንጓዴውን ነው። በቀደም የግራጫ ሹራቡን ክርን የጣፈችበትን። በዚያ ስፌት የተነሳ ሱቁ የሚመጣ ሁሉ፣ ምነው ክርንህ ላይ ሰላጣ በቀለ ወይ እያለ አላስቀምጥ ብሎታል።

«ለኔ ነው?» አላት።

«የሰው ነው፣ ትእዛዝ። ፉልህ ቀርቧል፣ ሂድ ብላ።»

አንዲት ሴት በስልክ አዝዛኝ ነው አለችው። ሴትዮዋ ባሏን ልታስደስትበት ነው፤ በገዛ እጄ ሰራሁት ልትለው ነው። ራቢአ ይህን ስታወራ ቀና አላለችም፤ መርፌዋን ትስባለች።

ከድሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቤቱ ተቀምጦ የማን እጅ እንደበላ የማያውቅ፣ ምን አይነቱ ጅል ነው አለ።

«አለ እንዲህ አይነት» አለች ራቢአ።

እየሳቀ ጣቱን ብርቱካኑ የተንተከተከበት ድስት ውስጥ ነክሮ ቀመሰ። ሳቁ ቆመ።

«ነጭ ሽንኩርቱስ?»

«ባሏ አይወድም አለች።»

ከዚህ በኋላ ፉሉ አልወርድ አለው። ራቢአ ለሰው ስትሰራ ነጭ ሽንኩርቱን ሞልታ ነው፤ ያለ ነጭ ሽንኩርት የምትሰራው ለእሱ ብቻ ነበር። ሴትዮ ምናምን የሚባለው ሽፋን ነው። የሆነ ወንድ አለ፤ እሷም የሚወደውን የሚጠላውን ለይታ ታውቃለች። የኔን ጣዕም አንስታ ለሌላ ሰጠችው አለ በሆዱ።

ሊወጣ ሲል ሹራቡን ይዛ ተከተለችው። ሐሙስ ሐሙስ ሱሉልታ ይወጣል፤ እዚያ ቤት የሚሰራው ብዙ ነው፣ የሴራሚክ ትእዛዝ እቀበላለሁ ይላል።

«ይሄን ልበስ፣ ሱሉልታ ይበርዳል።»

አልለብስም ቢላት ራሷ አለበሰችው፣ እጅጌውንም ሳብ ሳብ አድርጋ አስተካከለችለት። ጥፋት ያለባት ሴት ናት እንዲህ የምትንከባከብ ብሎ ጭራሽ ባሰበት።

ሱቁ አልሄደም። መታጠፊያው ጋ ጥግ ይዞ ቆመ። ዓሣው እስኪበስል እሱም እዚያው በሰለ። በኋላ አክመል፣ ያ ጢሙን በቅባት የሚያብለጨልጨው የሚኒባስ ሹፌር፣ በሩ ላይ መጥቶ ጥሩምባውን ነካ አደረገ። ራቢአ በፎጣ የተሸፈነ ትሪ ይዛ ወጣች። የሆነ ነገር ተባባሉና ሁለቱም ሳቁ። አክመል ትሪውን ጋቢና ውስጥ እንደ ሙሽራ አስቀመጠው።

ከድሩ ሚኒባሱ ፊት ሄዶ ተገተረ።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ከድሩ» አለው አክመል አንገቱን አውጥቶ።

«ነጭ ሽንኩርት ትወዳለህ?»

አክመል ግራ ገባው። «ኧረ እኔ አልነካም፣ ሆዴን ይነፋኛል። ምነው?»

«ዓሣውን የት ልታደርስ ነው?»

«አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራው ጋ። ሴትዮዋ መጥታ ትቀበለኛለች።»

ይሄም ሴትዮ አለ። ቃላቸውን እንኳን አስማምተዋል።

ከድሩ ሱቁ ገብቶ ተቀመጠ። ነጭ ሴራሚክ ስጠን ሲሉት ጥቁር ያወጣል፣ የመታጠቢያ ሲሉት የሳሎን። ዙህር ከሰገደ በኋላ ቆረጠ። ዛሬ ሲመለስ ራቢአ ልብሷን ሸክፋ ሆለታ ወንድሞቿ ጋ ትሄዳለች፣ አለቀ። ትዳር ይዞ ተደብቆ ሌላ የሚወድ ሰው፣ ያ ሰው ማንም ይሁን፣ ከድሩ ዘንድ ይቅርታ የለውም።

እንዲህ እየተብሰለሰለ ሱሉልታ ደረሰ። ቤት ወደሚሰራበት ግን አልሄደም። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንዱን ሰማያዊ በር ከኪሱ ባወጣው ቁልፍ ከፈተ።

ሉብና ብቅ አለች። ኒካሕ ካሰረላት ዓመት አልሞላም፤ ቡራዩ ውስጥ ይህን ያወቀ ሰው የለም ይላል። ፊትህ ምነው ጠቆረ ብትለው ራስ ምታት ነው አላት።

«ቁጭ በል፣ አሁን ይለቅሃል» አለችው። «ሁሌ የምታወራለትን ነው የሰራሁልህ። በገዛ እጄ።»

ትሪውን ፊቱ አስቀምጣ ፎጣውን ገለጠችው። ብርቱካኑ ቤቱን ሞላው። ከድሩ ቢስሚላህ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን እዚያው አየር ላይ ቀረ።

የዓሣው ሆድና የሹራቡ ክርን የተሰፉት በአንድ ክር ነው፤ በአረንጓዴው።