የመጨረሻው ቁጥር

ቴክኒሻኑ አውራ ጣት የምታክለውን መቆጣጠሪያ ከሶኬቷ ነቅሎ አሸተታት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። "አለቀላት" አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ሐዘን አልነበረም። አዲሷን ከኪሱ አውጥቶ በቦታዋ ሰካት።

"ሬሳውን ተወውና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ንገረን" አለች የቤቱ ባለቤት ሴት ልጅ፣ የእናቷን ሹራቦች እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትከት።

"ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ያልቃል፣ እህቴ።"

የቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ "እማማ መዝገብ" የሚላቸው ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ከወንበራቸው ሆነው የሁለቱን ከንፈር ያነባሉ። ጆሯቸው ከከዳቸው አራት ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ የሚሰሙት በቤቱ ሃያ ሦስት አምፖሎች ነበር። በር ሲደወል ሃያ ሦስቱም ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ጋዝ ሲያፈተልክ ይቀላሉ። አምፖሎቹን የምታዘው መቆጣጠሪያ ከተቃጠለች ወዲህ ግን አምፖሎቹ ከግድግዳው ማብሪያ ሌላ ማንንም አይሰሙም። ትናንት ልጃቸው ከውስጥ የተቀረቀረውን በር አንድ ሰዓት ሙሉ ስትደውል ቆይታ በመጨረሻ በመስኮት ዘላ ብትገባ፣ እናቷ ተደላድለው ጋዜጣ ያነባሉ። "ምነው በበር አትገቢም?" አሏት።

በዚያው ተስማሙ። ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አምፖሎቹ ካልታዘዙ፣ እማማ መዝገብ ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ።

ሃያ ሦስቱን አንድ በአንድ ከአዲሷ ጋር ማስተዋወቅ ኮርኒስ ማውረድ ይጠይቃል፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ቴክኒሻኑ ግን መላ ነበረው። የአሮጌዋን ስምና የሚስጥር ቁልፍ ቀደም ሲል ላፕቶፑ ላይ ቀድቶ አስቀምጧል። አዲሷን ያንኑ ካለበሳት፣ አምፖሎቹ የድሮ አለቃቸው መስላቸው እጅ ይነሳሉ።

"አሁን ይመልከቱ፣ እማማ" አለና ትእዛዙን ላከ።

አምፖሎቹ ወይ ፍንክች! ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

"እማዬ፣ አምፖሎችሽ አንቺን ወጡ" አለች ልጅቷ። "አይሰሙም።"

"የማይረባ ነገር ሲነገራቸው ነዋ!"

ቴክኒሻኑ ስቆ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ። ስሙ ትክክል ነው። ቁልፉም ትክክል ነው። አምፖሎቹ ትእዛዙ ይደርሳቸዋል፤ ደርሷቸው ነው የሚጥሉት። ምክንያቱን ሲያገኘው ለራሱ ማጉረምረም ጀመረ። በትእዛዙ ተራ ቁጥር ላይ አንድ ሺህ ጨምሮ ሞከረ፤ አምስት ሺህ ጨምሮ ሞከረ። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ተኩል አለፈ። ልጅቷ የሻንጣውን ዚፕ ዘጋች።

"ወደ እኔ ዙርና አውራ" አሉ እማማ መዝገብ። "ለላፕቶፕህ ስታንሾካሹክ እኔ አይታየኝም።"

ዞረ። ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እየከፈተ ነገራቸው። "መቆጣጠሪያዋ የምትልከው ትእዛዝ ሁሉ ተራ ቁጥር አለው፣ እማማ። አምፖሎቹ የመጨረሻውን ቁጥር ይይዛሉ። ከዚያ ያነሰ ከመጣ፣ ሌባ የቆየ ትእዛዝ ሰርቆ ያመጣ መስሏቸው ይጥሉታል። እኔ የቀዳሁት ደግሞ ከስምንት ወር በፊት የነበረውን ነው። አሮጌዋ ስትሞት ስንት ላይ እንደነበረች ማወቅ አለብኝ። እሱን ነው የምፈልገው።"

እማማ መዝገብ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው፣ ይህችን ነገር ለማንም ቢተዉ ለላፕቶፕ አይተዉም።

"የወጪ ደብዳቤ ቁጥር ነው የምትለኝ?"

"እንደዚያ ይሁን።"

"አንድ ጊዜ ቢሯችን ጎርፍ ገብቶ መዝገቡን በላው። የመጨረሻውን ወጪ ቁጥር የሚያውቅ ጠፋ። አለቃዬ ፈልጊ ብሎ እርጥብ ወረቀት ሲያስገልጠኝ ሳምንት ከረመ፤ ደብዳቤው ተከመረ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሰለቸኝ። ወደ ሦስት ሺህ ግድም እንደነበርን አውቃለሁ። ከአስር ሺህ ጀመርኩ።"

"መሃሉስ?"

"መሃሉ ባዶ ነዋ! ባዶ ቁጥር ማንን ገደለ? ነውሩ ወደ ኋላ መመለስ ነው እንጂ መዝለል አይደለም።"

ቴክኒሻኑ አፉን ከፍቶ አያቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ያልጠየቀውን ቁጥር ሲያሳድድ ነበር። ዞረና በቁጥሩ ላይ አስር ሚሊዮን ጨምሮ ትእዛዙን ላከ። ሌላ አስር ሚሊዮን ቢጨምርም ቁጥሩ እስኪሞላ ገና ሰፊ ቦታ ነበረው።

መጀመሪያ የኮሪደሩ አምፖል በራ። ቀጥሎ የወጥ ቤቱ። ከዚያ ተራቸውን ሳይጠብቁ፣ ሁሉም።

"ደወሉ ባትሪው እንዳያልቅ ተኝቷል" አለ ወደ ልጅቷ ዞሮ። "ካልነኩት አይነቃም። ይውጡና ይቀስቅሱት።"

ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነበር። ልጅቷ እያመነታች ወጣች። እማማ መዝገብ ተከትለዋት ሄደው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩና ተመልሰው ተቀመጡ።

ሃያ ሦስቱም አምፖሎች በአንዴ ብልጭ ድርግም አሉ። እማማ መዝገብ አልተነቃነቁም። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉ። አምፖሎቹ ደግመው ጮኹባቸው።

"ይክፈቱላት እንጂ፣ እማማ!"

"ትናንት አንድ ሰዓት የጠበቀች፣ ዛሬ አንድ ደቂቃ ምን ይላታል?" አሉና ተነሱ። ወገባቸውን ይዘው፣ እንደ ሹም እየተራመዱ ሄደው ከፈቱ።

ልጅቷ ጣቷን ደወሉ ላይ እንዳደረገች ቆማለች።

"ሰምቻለሁ" አሉ እናቷ።

እሷ ግን ጣቷን አላነሳችም። በእናቷ ትከሻ አሻግራ ኮሪደሩ ሲበራና ሲጠፋ እያየች፣ እንደገና ተጫነችው።