ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ጓጉንቸር

የእጅ ጽሑፌ ካስቸገራችሁ፣ ፊደልም ከገደፍኩ ይቅርታ አድርጉልኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ አላለፈም።

መንትያዎቹ እናታቸው ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት አጎታቸው ቤት ነው። አጎት ከጓዳው ጀርባ ባለች ክፍል የአንድ ድርጅት ኢሜይል የሚያልፍበትን ሥርዓት ዘርግተዋል። ሁለት ሰርቨሮች ሥራውን ይካፈላሉ፤ መልእክቶቹ የሚቀመጡት ግን ሁለቱም በሚያነቡት አንድ የጋራ ማከማቻ ነው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይረከባል፤ ውጭ ያለ ሰው አይነቃም።

ለልጆቹም ሕግ ነበራቸው። አንዷ የሰርቨሮቹን መብራት ስትጠብቅ ሌላዋ የቤቱን ሥራ ትሠራለች። አረንጓዴው ቀይ ከሆነ ሮጦ መጥራት ነው። ከግቢ መውጣት ለዳቦ ብቻ፣ ያውም ተራ በተራ፤ አጎት በር ላይ ቆመው እስክትመለስ ያያሉ።

«አንዷ ከጠፋች ሌላዋ ላይ እቆልፋለሁ» ይሉ ነበር።

አፈኛዋ ሰማያዊ ሻሽ ታስር ነበር፤ ዝምተኛዋ ቀይ። አጎት የሚፈሩት አፈኛዋን ነው። «ይቺ አንድ ቀን ትበራለች» ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት አንዱ ሰርቨር ቆሞ አገኙት። ኢሜይሉ አልተቋረጠም፤ ግን ማንም አልጠራቸውም። ክፍሉ በር ላይ ቆመው ጮኹ።

«አንቺ! ቀዩን መብራት አላየሽም?»

ሰማያዊው ሻሽ ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ አለ። «አሁን አየሁት፣ ጋሼ። እንደ ሰርቨርዎ አንዱ ዓይኔ ወድቆብኝ ነው።»

«ቀልጂ! ልትጠፊ እያሰብሽ ነው ልብሽ እዚህ የሌለው።»

«የት አባቴ እሄዳለሁ?»

«እህትሽስ?»

«ወጥ ቤት፣ ሽንኩርት ትልጣለች።»

አጎት ጓጉንቸር ፍለጋ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ተመልሰው ገርበብ ያለውን የሰርቨሮቹን ክፍል በር ሳብ አድርገው ቆለፉት።

«እዛው ተቀመጪ!»

ከሰርቨሮቹ ማራገቢያ ጩኸት በቀር መልስ የለም።

«አኮረፈች» አሉና ወደ ወጥ ቤት ዞሩ።

ዝምተኛዋ ቀይ ሻሿን እያጠበቀች ወጣች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እህትሽ ተቆልፎባታል። ዳቦ ገዝተሽ ነይ። ካልተመለስሽ አልከፍትላትም።»

አንገቷን ደፋች። አጎት የግቢውን በር ከፈቱላት፤ እንደ ወትሯቸው ግን ቆመው አላዩም።

«እሷን ጥላ የትም አትሄድ» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ እህቴ በአጥር ዘላ ካመለጠች ወር አልፏት ነበር፣ ሁለቱንም ሻሽ እየቀያየርኩ የማስረው እኔ ነበርኩ፤ አጎቴ የቆለፉት ባዶ ክፍል ነው።