ከአልጋው ኋላ

ወይዘሮ ደብሪቱ ምራታቸውን የጠረጠሩት፣ ከአልጋዋ ራስጌ የጭቃው ግድግዳ ተቦርቡሮ ያዩ ዕለት ነው። ነፍሰ ጡሯ ምራት ከንፈሯ ነጥቷል፤ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ትንፋሽ ያጥራታል። «ልጄን ልታፈዝዝብኝ መተት ቀብራ፣ ዞሮ እሷኑ ያዛት» አሉ በልባቸው።

አንድ ቅዳሜ ገበያ የሄዱ መስለው፣ የልጅ ልጃቸውን እንዳዘሉ ከመንገድ ተመለሱ። ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነው፤ ሆዱ ተነፍቶ ሲያዩት «የእኔ ጥጋበኛ» ይሉታል። ምራቲቱ ግድግዳውን በጥፍሯ እየፋቀች ትቅማለች።

«አንቺ! አፈር?»

«ያምረኛል፣ እማማ። የሰው መሣቂያ እንዳልሆን ደበቅሁ።»

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። «ደምሽን የሚመጠው የሆድ ትል ነው» አለች ነርሷ። «አፈር የሚያስመኝሽም የደምሽ ማነስ ነው። ለጽንሱም አይበጅም፤ መድኃኒቱን ዋጪ፣ አፈሩን ተዪ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጭቃ በጭድ አቡክተው ቀዳዳውን ሊመርጉ ገቡ። «እኔ መተት ስል፣ ቤቴን በልታ ልትጨርሰው!» እየሣቁ አልጋውን ሳቡት።

ከአልጋው ኋላ፣ ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ፣ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ አለ።

ዞር ሲሉ፣ የልጅ ልጃቸው አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ያያቸዋል።