ጋሽ ካቻቢቴ የነቀሏቸው ዲስኮች

የሆስፒታሉ ሲስተም አስተዳዳሪ ሥራ ከጀመረች ሰባተኛ ወሯ ነው። ባልደረቦቿ «ኢንስፔክተሯ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት፣ የሰርቨር ክፍሉ በር ላይ የመግቢያና የመውጫ መዝገብ ሰቅላ፣ ራሷም ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ ሳይቀር መፈረም የጀመረች ቀን ነው።

የክፍሉ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሳቸውም የጥገና ሠራተኛው ጋሽ ካቻቢቴ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ካቻቢቴ ከደረት ኪሳቸው ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ወሬ አያበዙም።

ሰርቨሩ የአስር ዓመት የራጅ ምስል ይዟል። ምስሉ በስምንት ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። አንዱ ቢሞት ሰባቱ ይሸከሙለታል። ብዙዎቹ ባንድ ላይ ከሄዱ ግን የአስር ዓመት የተሰበረ እጅና እግር ሁሉ ደህና ሰንብት ነው።

ሰርቨሩን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ሊኑክሱ፣ ዲስኮቹን በቀጥታ አያያቸውም። ከፊታቸው ስምንቱን የሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድ ቆሞ «ያለው አንድ ትልቅ ዲስክ ነው» ይለዋል፤ እሱም አምኖ ይቀመጣል። ኢንስፔክተሯ እንዲህ በቀላሉ አታምንም። ገና በመጀመሪያው ሳምንቷ፣ በየማለዳው ካርዱን ስለ እያንዳንዱ ዲስክ ጤና የሚጠይቅ ፕሮግራም ጻፈች። የዚያን ዕለት ስልኳ ቻርጅ ጨርሶ ስለነበር በሙከራው ጋሽ ካቻቢቴ ረዷት። «ገባ!» ሲሉ ከደስታዋ ብዛት አጨበጨበች፤ ሻይም ጋበዘቻቸው።

ፕሮግራሙ ጨዋ ነው። ሁሉም ደህና ከሆነ ዝም ይላል፤ አንድ ዲስክ መድከም ሲጀምር ብቻ ወደ ስልክ መልእክት ይልካል። ሳምንት ዝም አለ። ወር ዝም አለ። ኢንስፔክተሯ በዝምታው ኮራች።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ከሻይ ስትመለስ፣ ጋሽ ካቻቢቴ አንድ ዲስክ ነቅለው ሌላ እየተኩ ደረሰች።

«ምነው ጋሼ?»

«አምስተኛው ደክሞ ነበር፣ ገላገልኩት» አሉና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። «ትእዛዝ ተፈጽሟል!»

ቀልዱ አልጣማትም። ስልኳን አየች። ምንም መልእክት የለም። እንግዲያው ዲስኩ ጤነኛ ነበር ማለት ነው።

የተነቀለውን ልትመረምር ወደ ጥገና ክፍል ስትሮጥ፣ ጋሽ ካቻቢቴ ቀድመዋት በድሪል አራት ቦታ በስተውታል። ደንቡ ያዛል፤ የሕመምተኛ ምስል የነካ ዲስክ ሳይበሳ ከሕንፃው አይወጣም። ደንቡን ራሷ ብትወደውም ጥድፊያው አላማራትም።

በወሩ ሁለተኛውን ቀየሩ። ቀጥሎ ሰባተኛውን። በእያንዳንዱ ጊዜ «ትእዛዝ ተፈጽሟል» ይላሉ፤ ድሪሉም ይጮኻል። የእሷ ስልክ ግን ጭጭ።

ኢንስፔክተሯ እንቅልፍ አጣች። ጤነኛ ዲስክ ይነቅላሉ ማለት፣ የሚበሳው ሌላ አሮጌ ነው፤ ጤነኛው ጋሽ ካቻቢቴ ማታ ማታ በሚይዙት ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ወደ ቤታቸው ይሄዳል ማለት ነው። ምናልባት ሰርቨሩ ላይ የደበቁት ነገር ይኖር እንደሆነ ብላ፣ በተቀጠረለት ሰዓት በራሱ የሚሠራውን ፕሮግራም ሁሉ አንድ በአንድ በረበረች። ከራሷ ፕሮግራም በቀር ምንም አላገኘችም። ከድንገተኛ ክፍል ፕላስተር አምጥታ በሰርቨሩ ፊት ለጠፈችና ፈረመችበት። ጋሽ ካቻቢቴ የመጀመሪያውን ዲስክ ሲቀይሩ ፕላስተሩን በጥንቃቄ ልጠው መልሰው ለጥፈውታል። ከፊርማዋ አጠገብም ፈርመዋል።

ይህ ንቀት ነው አለች። ግን አዘነችም። የሚንገዳገደውን ወንበሯን ሳትጠይቃቸው ያጠበቁላት፣ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሲስቅባት ያልሳቁባት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሁለት ቀን ከራሷ ጋር ተሟግታ በሦስተኛው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ከተረጋገጠ ዛሬውኑ ነው የሚሰናበቱት። ሃያ ስድስት ዓመታቸውም አያድናቸውም።»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ጋሽ ካቻቢቴ ተጠሩ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ገቡና ቆሙ።

«አራት ጤነኛ ዲስክ ነቅለዋል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ፕሮግራሜ አንድም ቀን ደክሟል ብሎኝ አያውቅም። ጤነኞቹን የት አደረሷቸው?»

ጋሽ ካቻቢቴ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ሥራ አስኪያጁን አዩ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባቸው ክው አሉ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይኝ?»

ከካቻቢቴው ጎን ስልካቸውን አወጡ፣ መነጽራቸውን አድርገው የሆነ ነገር ፈለጉና ለሥራ አስኪያጁ ሰጡ።

ሥራ አስኪያጁ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ዲስክ አምስት እየደከመ ነው፣ ይቀየር።» ከዚያ ዲስክ ሁለት። ከዚያ ሰባት። ከዚያ አንድ። አራቱም በማለዳ፣ አራቱም ከአንድ ላኪ የመጡ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ጣታቸውን ወደ ላይ ሳቡና ከሁሉም በፊት፣ ኢንስፔክተሯ ሥራ በጀመረችበት ሳምንት የደረሰውን አነበቡ።

«ጋሼ፣ ይህ ሙከራ ነው፤ ነገ ወደ እኔ ስልክ እመልሰዋለሁ።»