የፊልሙ መጨረሻ በየሺመቤት ቤት

ቴሌቪዥን የከፈተውን ሰው ልብ እያነበበ የፊልሙን መጨረሻ በዚያው መሠረት መወሰን በጀመረበት ዘመን፣ አስናቀ ሌላ ሴት ወዶ ከሄደ በኋላ ወደ ሚስቱ ተመለሰ። የሺመቤት «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። ቴሌቪዥኑ ግን አራት ዓመት ሙሉ በጠረጴዛ ልብስ እንደተሸፈነ ቆየ።

አንድ እሁድ ከሰዓት አስናቀን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ልብሱን ገፍፋ ራሷ ከፈተችው።

በፊልሙ ውስጥ ሚስቱን የከዳ ሰው የቤቱን በር አንኳኳ። ሚስትየው ከውስጥ መጥታ በሩ ጀርባ ቆመች።

አስናቀ አንገቱን ደፋ። «አትከፍትለትም» አለ።

«እኔ እንኳ አላውቅም» አለች የሺመቤት እንባዋ እየወረደ። «ይቅር ብዬህ እንደሆነ ለማወቅ ነው ያስቀመጥኩህ።»

በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት በሩን ከፈተች። አላቀፈችውም፤ «ምሳ አልበላህም አይደል?» ብላ መንገድ ለቀቀችለት።

ከአስናቀ ይልቅ የደነገጠችው የሺመቤት ነበረች።