ሽኝት እስከ ድልድዩ

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ ልጆቼ። አውሮራ በሚባል የአሜሪካ ከተማ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ኩርት የሚባሉ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ጀርመናዊ ሽማግሌ በኮድ የሚከፈተውን የመውጫ በር ይዘው ይነቀንቁ ነበር። “መንደሬ ልሄድ ነው!” ይላሉ። ነርሷ የሚያስተኛቸውን መርፌ ልታመጣ ሄደች።

ተንከባካቢያቸው ፀዳል ኮዱን ብታውቅም መክፈት አልተፈቀደላትም። “ታዲያ ሳልሸኝዎት ሊሄዱ ነው፣ አባባ? ነውር አይደለም እንዴ!” አለችና ክንዳቸውን ደግፋ ወደ ኮሪደሩ መለሰቻቸው። አንዱን የክፍል በር እያሳየች “ይሄ የማን ቤት ነው?” ስትላቸው ፊታቸው በራ። መንደራቸው በሁለት ኮረብታ መሀል ያለች፣ ሰባት ቤት ብቻ የነበራት ናት። የክፍሎቹን በሮች እያሳዩ፣ “ይሄ የብረት ቀጥቃጩ፤ ይሄ ወፍጮ ቤቱ፤ እዚህ ኤልዛ አለች፣ ተሳዳቢ ናት፣ ቀስ በዪ!” አሏት። ፀዳል ሳቋን አፍና በየደጁ እጅ ነሳች።

ኮሪደሩ አልቆ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። “ወንዙ ይሄ ነው። ድልድዩን በጦርነቱ አፍርሰውታል፤ መውጫ የለም” አሉ። ከዚያ ለእሷ አዘኑላት። “አንቺ ልጅ፣ እንግዲህ በምን ትመለሻለሽ? እኛ ጋ እደሪ።” ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትደርስ፣ ሹራባቸውን አውልቀው ፀዳልን ሲያለብሷት አገኘቻቸው።

ያቺን መንደር ከእሳቸው ሌላ የሚያውቃት አልቀረም። እናንተ አስታውሱልኝ፣ እሺ?