ሸሪክ መስሎኝ

ማራገቢያው እንዳይወስድብኝ ወረቀቱን ሐጅ ኸሊል ጠረጴዛ ላይ በመዳፌ ተጭኜ ቆሜያለሁ። ሠላሳ አንድ የጣት አሻራ አለበት። የመጨረሻው የእኔ ነው፤ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም ገና አልደረቀም።

«የቀረው ያንተ ማህተም ነው» እለዋለሁ።

ሐጅ ኸሊል የሰሊጥ ኩባንያው ሹም ነው፤ እንደኔው የጎንደር ሰው። እኛ ሴቶቹ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ መጋዘኑ ውስጥ ሰሊጥ እናበጥርለታለን። አለቃ እንጂ አፍ ስላልነበረን፣ ባለፈው ዓርብ የሚናገርልን ሰው መረጥን። ለእናኑ ማሽላ፣ ለሸጊቱ ባቄላ፣ ቅል ውስጥ እየጣልን። ፊደል ባንቆጥር ማሽላ እንቆጥራለን! እናኑ አሸነፈች። ሸጊቱ ሁለት ቀን አኮረፈች።

በሦስተኛው ቀን እናኑን «ያለ ፈቃድ ስብሰባ ጠርተሻል» ብለው ፖሊሶች ወሰዷት። ያኔ ለዚህ ወረቀት መጀመሪያ ጣቷን ቀለም ውስጥ የነከረችው ሸጊቱ ናት።

ኩባንያው «ሠራተኞቼ የመረጧት ናት፣ አውቃለሁ» ካለ ትፈታለች። ካላለ ነገ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ያደርሷታል። ከገላባት ማዶ መተማ ነው፤ መተማ ላይ ደርግ አለ። ባሏን የበላው ደርግ።

ሐጅ ኸሊል ወረቀቱን በእስኪርብቶው ጫፍ ገፋ ያደርገዋል።

«እማማ ያለምወርቅ፣ ወላሂ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። ግን ኩባንያ ፖለቲካ ውስጥ አይገባም።»

«ልብህን ማን ጠየቀህ? ማህተምህን ነው ያልኩህ። አምና የአገሩ መሪ ሲመጣ በኩባንያው ሎሪ ጭነህ እልል በሉ ያልከን አንተ አይደለህም? ያን ቀን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እልል ያልኩት ለሰሊጥ ነው?»

«ያ... ያ ሌላ ነው።»

«ሌላማ ነው። ያኔ የተፈለገው ጉሮሮ ነበራ፤ ጉሮሮው ደግሞ የእኛ።»

በር ላይ የቆመችው ሸጊቱ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። እሱ ላቡን ይጠርጋል።

«የንግድ ፈቃዳችንን ቢነጥቁንስ? እርስዎስ የት ሊሠሩ ነው?»

«እዚህ አገር ስገባ ኩባንያውን ሸሪካ ሲሉት ሸሪክ መስሎኝ ነበር፤ አብሮ አትርፎ አብሮ የሚከስር። አንተ እንኳ የእኛን ቋንቋ ታውቃለህ፤ ሸሪክ ምን እንደሆነ አይጠፋህም።»

መሳቢያውን ስቦ ማህተሙን ያወጣል። ወረቀቴን ጠጋ አደርግለታለሁ።

እጁ ወረቀቴን አልፎ ይሄዳል። ከጎኑ የተከመረውን የጭነት ወረቀት ጧ፣ ጧ፣ ጧ ያደርገዋል።

«ምን ይላል እሱ?»

«ንጹህ ሰሊጥ፣ አንደኛ ደረጃ» ይላል ቀና ሳይል። «ኸላስ፣ በቃ እማማ፤ ሎሪው ቆሟል፣ ለወደብ የሚጫን አለ።»

ወረቀቴን አጥፌ ጉያዬ ውስጥ አደርጋለሁ። ወጥቼ ሰፌዴን አነሳለሁ፤ እጄን ሰሊጡ ውስጥ እከታለሁ። ነጩ ሰሊጥ በአውራ ጣቴ ዙሪያ ሰማያዊ ይሆናል።

ጠጠር ጠጠሩን እለቅማለሁ። ሰማያዊውን አልነካውም፤ ከነጩ ጋር ይጫን።